«ትቼዋለሁ» ብላ ነበር

ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፍርድ ቤቱ ከክረምት ዕረፍቱ ተመለሰ። ጠዋት ሰባት መዝገብ ተከፈተ፤ አምስቱ ድብድብ። የቡና ወራት ገባ ማለት ይኸው ነው፤ ፍሬው ገና ዛፉ ላይ ሳለ ሰው እርስ በርሱ መፈነካከት ይጀምራል። ከተከሳሾቹ ሦስቱን አውቃቸዋለሁ። አንደኛው ጭራሽ «እንዴት ከረምክ አስተርጓሚው?» አለኝ፤ ሠርግ ቤት የተገናኘን ነው የሚመስለው።

ይህን ደብተር የገዛችልኝ ሚስቴ ጊፍቲ ናት። «ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ሆነህ ትውላለህ፤ ቤት ስትገባ የራስህ ይጠፋሃል። እስቲ ጻፍ» አለች። ሚስት ካዘዘች ምን ይደረጋል፣ ይኸው።

የሰው አፍ ማለቷ ልክ ነው። ችሎቱ በኦሮምኛ ነው የሚካሄደው። ኦሮምኛ የማይችል ሰው ሲቀርብ በአማርኛ ይናገራል፣ እኔ እመልሰዋለሁ። «እንዲህ አለች» ማለት አይፈቀድልኝም፤ «መታኝ» ካለች እኔም «መታኝ» ነው የምለው፣ በራሴ እንደደረሰ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ስንቴ ተወግቻለሁ፣ ስንቴስ ገድዬ ተፈርዶብኛል! የመዝገብ ቤት ሰዎች «ባንድ ራስ ሁለት ምላስ» እያሉ ይቀልዱብኛል፤ አብሬያቸው እስቃለሁ። ደግሞኮ ዳኛውም ዐቃቤ ሕጉም ጸሐፊዋም አማርኛ አሳምረው ይሰማሉ። ጅማ ነው፣ የማይሰማ ማን አለ? ቢሆንም መዝገብ ላይ የሚሰፍረው እኔ ያልኩት ብቻ ነው።

ከሰዓት ስወጣ በሩ ላይ ሣህሉ ቆሟል። መጀመሪያ አላወቅሁትም፤ ወፍሯል፣ ጸጉሩን ተላጭቷል። «ጋሼ ፍሬሰላም፣ በአመክሮ ወጣሁ!» ብሎ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ደስ አለኝ። ግን ቶሎ ብዬ እጄን አወጣሁ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ጥቅምት 6

አንድ ስልክ መደወል አለብኝ። ነገ።

ጥቅምት 10

ሣህሉ ቤታችን ድረስ መጣ። ጊንጆ ሰፈር ካለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሯል፤ በሥራ ልብሱ ነው የመጣው፣ ቅንድቡ ላይ ሳጋቱራ ነበረበት።

ይህ ሰው ማን እንደነበር ልጻፍ። ጫኝና አውራጅ ሳለ ባልደረባውን በጩቤ ወግቶ ሁለት ዓመት ታሰረ። ወጣ። ከቡሬ የመጣች ትንቢት የምትባል፣ ዳቦ ቤት የምትሠራ ሴት አገባ። ደበደባት፣ ታሰረ። ወጣ፣ ደግሞ ደበደባት፣ በሽማግሌ ታረቁ ተባለ። በመጨረሻ ከሦስት ዓመት በፊት ሁለት ጥርሷን አወለቀና ችሎት ቀረበ። ያን ዕለት የትንቢትን ቃል ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። ይቅር ማለቷ ቅጣት ማቅለያ ሆነለት፤ አራት ዓመት ተኩል ተፈረደበት፣ ሁለት ሦስተኛውን ጨርሶ ይኸው ወጣ።

ሻዩን ሳይጠጣ አቀዘቀዘው። «ማረሚያ ቤት ስልጠናው ብዙ ነው ጋሼ። እንጨት ሥራ ተማርኩ፣ የጠባይ ለውጥ ምናምን ተማርኩ። እኔን የያዘኝ ግን እሱ አይደለም። ቁጣዬ ሲመጣ ያቺ ቃሏ ትመጣብኛለች። ‹ይቅር ብዬዋለሁ› አለች እኮ! ያን ሁሉ አድርጌያት! በጆሮዬ ነው የሰማሁት» አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

በጆሮው የሰማው እኔን ነው። እሷማ አፏ አብጦ ድምፅ አልነበራትም።

እሱ ከሄደ በኋላ ጊፍቲ ብርጭቆውን እያነሳች «እውነት ይቅር አለችው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«በምን ቃል? ልክ እንዳለችው ንገረኝ።»

«ሦስት ዓመት ሆነው እኮ ጊፍቲ! የሰውን ሁሉ ቃል ይዤ ልዞር ነው?»

«የእኔን ግን አትረሳም» አለች። እውነቷን ነው፣ አልረሳም። ተናድጄ ተነሳሁ። ምን ያናድደኛል?

ጥቅምት 12

አልደወልኩም። ሥራ በዛ።

ጥቅምት 17

ነኢማ የምትባል አዲስ ዳኛ ተመድባለች። ገና ወጣት ናት፣ አትስቅም። ዛሬ አንድ የሰርቦ ሰው በድብደባ ለአራተኛ ጊዜ ቀረበላት። መዝገቡን ከላይ እስከታች አንብባ ስትጨርስ «ደጋጋሚ ወንጀለኛ ብቻውን አይደጋግምም። ከጎኑ ሆኖ የሚያስደግመው ሰው አለ» አለች።

ለቤተሰቦቹ ነው ያለችው። ኋላ ወንበር ላይ ተደርድረው ሲያለቅሱ ነበር። ለእነሱ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ለመዝገብ ቤቶቹ ስለ ሣህሉ አወራሁ። አያችሁ፣ አልኳቸው፣ እስር ሰውን አይለውጥም፤ ሰውን የሚለውጥ ይቅርታ ነው፤ ሦስቴ ገብቶ የወጣ ሰው ዛሬ ወንበር እየሠራ ይኖራል። ጥሩ አድርጌ ተናገርኩ። አንዱ «ታዲያ አንተ ነህ ያዳንከው በለና!» አለኝ። «እኔማ ምን አደረግሁ» አልኩ። እንዲህ ያልኩት ደግሞ እንዲለኝ ብዬ ነው። አፈርኩ።

ጥቅምት 20

ወረቀቱ ተገኘ፤ የአሮጌ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። የትንቢት ስልክ ነው፣ በራሷ እጅ የተጻፈ፣ ቁጥሮቹ ትልልቅ ናቸው።

አምና ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ግራ ገብቷት አገኘኋት። የሚፈታበትን ቀን ለማወቅ ነበር የመጣችው። የፍርዱ ዕለት ያስተረጎምኩላት እኔ መሆኔን አላወቀችም፤ እኔም አልነገርኳት። «አሁን የቡ ከተማ ነኝ አባባ፤ እዚያ ካለ የቡና ማከማቻ ለቀማ እሠራለሁ። ሲፈታ ብቻ ይደውሉልኝ፣ ቀድሜ ሌላ አገር እሄዳለሁ። ያለሁበትን ደግሞ አደራ፣ ለማንም እንዳይነግሩብኝ» አለች። «በእኔ ይሁንብሽ» አልኳት። የለቀማ ሴቶች ብልሹውን ፍሬ ከደህናው ሲለዩ ጎንበስ ብለው ስለሚውሉ ነው መሰል፣ ቀና ብላ አላየችኝም።

ነገ ጠዋት፣ ሳልረሳ።

ጥቅምት 24

ሣህሉ ደግሞ መጣ። ከፍርድ ቤት በር እስከ አስፋልቱ አብሮኝ ሄደ።

«ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ላግኛት። አልቆይም። ‹ይቅር ስላልሽኝ እግዜር ይስጥሽ› ልበላትና ልመለስ። እርስዎ ያውቃሉ መቼም፣ ፍርድ ቤት የማታውቁት የለ።»

«አላውቅም።»

«እሺ ጋሼ፤ አይጨነቁ» ብሎ ትከሻዬን ሳመ። እንዲህ የሚያከብረኝ ልጅ እንኳ የለኝም።

ለምንድነው የማልደውልላት? እንደ ሂሳብ አስተማሪ በቅደም ተከተል ልጻፈው ብዬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ብደውል «ተፈታ» እላታለሁ። ትደነግጣለች። «ምን ያስደነግጥሻል፣ ይቅር ብለሽው የለም?» እላታለሁ። ከዚያስ? ከዚያ እሷ አንድ ነገር ትላለች። ያንን ነገር መስማት አልፈልግም። ይኸው ጻፍኩት። ይበቃል።

ጥቅምት 30

ደወልኩ። ሁለት ጊዜ ጠራ፣ ዘጋሁት። ደወልኩ ማለት ነው።

ሕዳር 2

ነገርኩት። የቡ አልኩት። ለቀማ ትሠራለች አልኩት። ሌላ ምንም አላልኩም።

አመሰገነኝ።

ሕዳር 4

ነገሩ ጥሩ ነው። እንዲያውም ከመጀመሪያው እንዲህ ነበር መደረግ ያለበት። ይሄዳል፣ ያመሰግናታል፣ እሷም እንደተለወጠ በዓይኗ አይታ ከፍርሃቷ ትገላገላለች። መደበቅ ኑሮ ነው? ሰው ዕድሜ ልኩን ጎንበስ ብሎ ቡና እየለቀመ በር በር ሲያይ መኖር አለበት? ለሁለቱም ነው ያሰብኩት።

ለጊፍቲ አልነገርኳትም።

ሕዳር 6

ሻይ ቤት ኦቦ ዋቅጋሪን አገኘሁ። በሰፈራችን የታወቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ያንጊዜ የሣህሉ ዘመዶች ልከዋቸው ሽምግልናውን የያዙት እሳቸው ነበሩ። አርጅተዋል፣ ጆሯቸው ከብዷል፣ ስለዚህ ይጮሃሉ።

«አካም ፍሬሰላም! ያ ልጅ ወጣ አሉ። ሰው ሆኗል አሉ። አንተ ነህ! ኮሪደር ላይ የነገርኩህን አልረሳህም። ‹ስምህም ፍሬሰላም ነው፣ ነገሩን በሰላም መልስልን› አላልኩህም? ጥሩ አድርገህ መለስክልን!»

ሻይ ቤቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። «እኔ እሷ ያለችውን ነው የመለስኩት ኦቦ» አልኳቸው።

«ኤዬ፣ ኤዬ፣ እሷ ያለችውን» ብለው ሳቁ፣ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉት።

ሕዳር 9

ሰበራት። እጇን ሰበራት። በድንጋይ። ትናንት፣ እሑድ።

ጠዋት ሰው ሁሉ ሲያወራ ነው የሰማሁት። ሆስፒታል ናት። እሱ እዚያው የቡ ላይ ተያዘ፤ አልሮጠም አሉ።

ሕዳር 12

ሠፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን እያቃጠለ ሕዳርን ሲያጥን ጭሱ ቤት ገባ። ሦስት ቀን ታምሜ ተኝቻለሁ። ለመሥሪያ ቤት ወባ ነው ብያለሁ።

የሆነውን አሁን በደንብ አውቄዋለሁ። ማከማቻው በር ላይ ቆሞ ጠበቃት፤ ፍራፍሬ ይዞላት ነበር። ስታየው ጮኸች። «ምነው? ይቅር ብለሽኝ የለም እንዴ?» አላት። «መቼ?» አለች። «ፍርድ ቤት!» አለ። «እኔ? አንተን? ከሞትኩም ይቅር አልልህም» አለችው። አብረዋት የሚለቅሙት ሴቶች ናቸው ይህን የመሰከሩት። ከዚያ ድንጋዩን አነሳ። መጀመሪያ ፊቷን ሊመታ ነበር፤ እጇን ስትጋርድ እጇ ተሰበረ።

ይቅር አላለችኝም ብሎ መምታቱ ነው! የት ሄደ ታዲያ ያ ሁሉ ለውጥ? ሦስት ዓመት እንጨት ላገ፣ ሦስት ዓመት አለቀሰ፤ አንዲት ሴት «አይሆንም» ስትለው ሁሉም ባንዴ ተናደ። ለውጡ የእሱ አልነበረም ማለት ነው። በሰው ቃል ላይ የቆመ ነበር። በእሷም ቃል አይደለም።

ሕዳር 14

ለራሴ የምነግረው ይህን ነው፤ የመታት እኔ አይደለሁም። ድንጋይ አላነሳሁም። አድራሻ የሚሰጥ ሰው ሞልቷል፣ የቡ ትንሽ ከተማ ናት፣ ፈልጎ ያገኛት ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው። አንዱም አልረዳኝም።

ሕዳር 18

መዝገብ ቤት ገብቼ የዛሬ ሦስት ዓመቱን ፍርድ ግልባጭ አወጣሁ። «የግል ተበዳይ ተከሳሹን ይቅር ማለቷን በችሎት አረጋግጣለች» ይላል። የአስተርጓሚ ስም የለበትም፤ ግልባጭ ላይ አይጻፍም። ማንም አያውቅም ማለት ነው።

ያለችውን አልረሳሁትም። ለጊፍቲ የዋሸሁት እዚህ ላይ ነው። ዳኛው «ስለ ተከሳሹ ምን ትያለሽ?» አላት፣ እኔ ወደ አማርኛ መለስኩላት። በመሐረብ አፏን እንደያዘች፣ ከመሐረቡ ውስጥ፣ «እኔ ትቼዋለሁ» አለች። ይህን ብቻ።

ትቼዋለሁ። በደሉን ትቶ ይቅር ያለም «ትቼዋለሁ» ይላል። ጨርቄን ማቄን ሳይል ጥሎ የወጣም «ትቼዋለሁ» ይላል። የኦሮምኛው «ዺሴራ» ልክ እንደሱ ነው፣ ሁለቱንም ይይዛል። እሱን ብዬ ዝም ብል ይበቃኝ ነበር። እኔ ግን «ዺፈማ» አልኩ። ዺፈማ ይቅርታ ነው፣ ሌላ መውጫ የለውም። ዳኛው ደስ አለው፤ ጻፈ። ቅርብ የነበረው አማርኛ ሰሚ ሁሉ ሰምቷል፣ አንድም «ይህ ቃል እንዲህ ነው ወይ?» ያለ የለም። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይነቃም። ከተኙት ሁሉ ግን የሚከፈለው እኔ ነኝ።

ስህተት ነው ልል እፈልጋለሁ። ከችሎቱ በፊት ኮሪደር ላይ ኦቦ ዋቅጋሪ ክንዴን ይዘው «ልጁ ይጥፋ እንዴ? እሷም ብቻዋን ናት፣ ወዴት ትሄዳለች፣ ማል ጎና፣ ምን እናድርግ!» ያሉኝ ነገር ባይኖር ስህተት ነው እል ነበር። ቃሏ ከአፏ ሲወጣ እንዴት እንደምመልሰው አስቀድሜ አውቄ ነበር የቆምኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ፣ የእሷ ገና ከአፏ ሳይወጣ ነው እኔ አፋፍ ያደረስኩት።

ሕዳር 19

እናቴም ትለው ነበር። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከመንገድ በመጣ ቁጥር የሚሆነው ይሆናል፤ በማግስቱ ጎረቤቶች ይሰበሰባሉ፣ እናቴ ግድግዳ ግድግዳ እያየች «ትቼዋለሁ» ትላለች፣ እነሱ «ይኸው ይቅር ብላለች!» ብለው ይመርቃሉ፣ አባቴ ቡታንታውን እየሳበ ይገባል። ይህን ቃል ከዚያ ነው የተማርኩት። ይቅር ያለች ይመስለኝ ነበር። እስከምትሞት ድረስ አንድ ቀን አልጠየቅኋትም።

ሕዳር 25

ለጊፍቲ ነገርኳት። ሁሉንም፤ ቃሉንም፣ ስልኩንም፣ የቡንም።

ምንም አልጮኸችም። ልብስ እያጣጠፈች ነበር፣ ማጣጠፏን ጨረሰች። ከዚያ በኦሮምኛ «ለማን ተናገርክ?» አለችኝ። በአማርኛ «ለአንቺ ብቻ» አልኳት። «እኔ ዳኛ ነኝ?» አለች፣ አሁንም በኦሮምኛ። ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ስንኖር ሁለቱን እየቀላቀልን ነው ያወራነው። «አማርኛውን አንተ ታጣምመዋለህ» ብላ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ በኦሮምኛ ብቻ ነው የምታናግረኝ።

ሕዳር 30

የችሎት ሰሌዳ ወጣ። የሣህሉ ጉዳይ ታህሳስ 9፣ ዳኛ ነኢማ። ምስክር ትንቢት። አስተርጓሚ ፍሬሰላም።

ታህሳስ 3

መታመም እችላለሁ። ወባው ተመለሰብኝ እላለሁ፤ ፈድሊያ ትተካኛለች። ገና በዚህ ዓመት የተቀጠረች ልጅ ናት፣ ጎበዝ ናት፣ ቃል ሲጠፋት ቀይ ትሆናለች። እሷ ታስተረጉማለች፣ ትንቢት የምትለውን ትላለች፣ ጉዳዩ ያልቃል፣ ስሜ የትም አይነሳም። ሣህሉም ለፖሊስ በሰጠው ቃል አድራሻውን «ከሰው ሰማሁ» ነው ያለው። የትንቢትን እጅ የሰበረ ሰው እኔን ይሸሽገኛል! ውለታ መሆኑ ነው። ከዚህ በላይ የሚያስጠላ ውለታ ተውሎልኝ አያውቅም።

ታህሳስ 7

ጊፍቲ ወደ ሥራ ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ «ረቡዕ ትሄዳለህ?» አለች። «እሄዳለሁ» አልኳት፣ በኦሮምኛ። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ታህሳስ 9

ሄድኩ። ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ትንቢት እጇ በጀሶ ታስሮ ገባች። ከስታለች። ሣህሉ ከፖሊሱ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። እኔ በመካከል፣ እንደ ሁልጊዜው። ማለች፤ መሐላውን እኔ አስማልኳት። ከማከማቻው በር ጀምራ ተናገረች፣ እኔ ቃል በቃል መለስኩ። «እጄን ሰበረኝ» አልኩ። «አጥንቴ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት» አልኩ።

ከዚያ ተከላካይ ጠበቃው ተነሳ። ተከሳሹ የሄደው በቅን ልቦና ነው፣ ምስክሯ ከዚህ በፊት በችሎት ይቅር ብላዋለች፣ ይኸው ፍርዱ፣ ብሎ ግልባጩን አቀረበ። ነኢማ አነበበችና «ምስክሯ ይህን ብላለች?» ብላ ጠየቀች። ወደ አማርኛ መለስኩት።

«ይቅር? እኔ ይቅር አላልኩትም» አለች ትንቢት። «‹ትቼዋለሁ› ነው ያልኩት። ወጥቼ ሄጃለሁ፣ ከእንግዲህ ባሌ አይደለም፣ አልመለስም ማለቴ ነበር። ጥርሴ ወልቆ ድዴ እየደማ ምን ብዬ ይቅር እለዋለሁ? ይቅር አለች ብሎ የተናገረው አስተርጓሚው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

ሁሉም ሰምቷታል። ሁሉም አማርኛ ያውቃል። ጸሐፊዋ ግን ጣቶቿን አንስታ እኔን ትጠብቃለች። መለስኩት። አንድም ሳልቀንስ፣ እንደ ራሴ፤ «ይቅር አለች ያለው አስተርጓሚው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አልኩ፣ በኦሮምኛ፣ ጮክ ብዬ። ጸሐፊዋ ጻፈች።

ነኢማ «ያንጊዜ ያስተረጎመው ማን ነበር?» አለች። ግልባጩን አገላበጠች፣ ስም የለም። «ምስክሯን ጠይቃት።»

ጠየቅኋት። እኔ ራሴ፣ በዚችው ድምፅ፣ «ያንጊዜ ያስተረጎመልሽ ማን ነበር?» አልኳት።

«አላውቀውም፤ ዓይኔ አብጦ ነበር፣ ፊቱን አላየሁትም» አለች።

ይህን መልሼ መቀመጥ እችል ነበር። መለስኩት። «አላውቀውም፣ ፊቱን አላየሁትም» አልኩ። ጸሐፊዋ ጻፈች። ነኢማ ወደሚቀጥለው ልታልፍ ገጹን ገለጠች።

«አና» አልኩ። እኔ ነኝ ማለት ነው።

ጸሐፊዋ እሱንም ጻፈችው። የምስክሯ ቃል መስሏት ነው። ነኢማ ግራ ገባት። «እሷ ናት ‹እኔ ነኝ› ያለችው? ምን ማለቷ ነው?»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት «እኔ» እያልኩ የኖርኩበት ክፍል ነው፤ አንድ ቀን ስለራሴ «እኔ» ብል የሚያምነኝ ጠፋ። «የለም፣ ክብርት ዳኛ። እኔ ነኝ፣ እኔ ፍሬሰላም። ያንጊዜ ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። ‹ትቼዋለሁ› ነው ያለችው፤ ይቅርታውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ያለችበትንም ለተከሳሹ የነገርኩት እኔ ነኝ። ሲፈታ ደውልልኝ ብላኝም አልደወልኩም» አልኩ።

ትንቢት ከአንዳችን ወደ ሌላችን ታያለች። ምን እንደተባለ አልገባትም፤ በኦሮምኛ ነዋ የተናገርኩት! የሚያስተረጉምላት ደግሞ ከእኔ ሌላ ሰው የለም። ነኢማ «ለምስክሯ ንገራት» አለች። ወደ እሷ ዞሬ ሁሉንም በአማርኛ ነገርኳት።

«እርስዎ?» አለች። ወንበሯን በደህናው እጇ ይዛ ከእኔ ትንሽ ራቅ አደረገችው።

ነኢማ ከዚህ ቀደም ስለሠራሁት ምርመራ እንዲከፈት፣ ዛሬ በእኔ የተተረጎመው ቃል ሁሉ እንዲሰረዝ፣ ፈድሊያ እንድትጠራና ምስክሯ እንደ አዲስ ከመጀመሪያው እንድትናገር አዘዘች። ይህን አላሰብኩትም ነበር። እውነቱን ስናገር የምጎዳው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ትንቢት ያን ሁሉ፣ በሩን፣ ድንጋዩን፣ የአጥንቷን ድምፅ፣ ደግማ ልትናገረው ሆነ።

ተለዋጭ አስተርጓሚ እስክትመጣ ሣህሉን ወደ ውጭ አወጡት። ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ከጎኔ አስቀመጡት፣ ፖሊሱ በመካከል። «ጋሼ» አለኝ፤ «እውነት አላለችኝም?»

«አላለችህም።»

«ታዲያ ሦስት ዓመት ምን ይዤ ነው የኖርኩት?»

«የኔን ውሸት» አልኩት። «ቢሆንስ? ይቅር ባትልህ እጇን ትሰብራለህ? ይቅር ካላሉህ ሰው መሆን አትችልም?»

የተላጨ ራሱን በታሰሩ እጆቹ ያዘ። ልረግመው ፈልጌ ነበር፣ ላጽናናውም ፈልጌ ነበር፤ ሁለቱም ከአፌ አልወጣም። ጠርተው አስገቡት። እኔን ግን በሩን ዘጉብኝ።

በሩ አሮጌ ነው፣ ድምፅ አይይዝም። ትንቢት ከመጀመሪያው ስትጀምር ሰማኋት። ከጠዋቱ ይልቅ ቀስ ብላ ነበር የምትናገረው። ፈድሊያ አንዳንዴ ትደናቀፋለች፣ ትመለሳለች፣ ታርማለች። ወደዚያች ቃል ሲደርሱ ፈድሊያ ቆመች። ቃሉ ሁለት ትርጉም አለው፣ ምስክሯን ልጠይቅ ወይ፣ ብላ ፈቃድ ጠየቀች፣ ተፈቀደላት። ከዚያ በዚያች ቀጭን ድምፅዋ በአማርኛ «ትቼዋለሁ ሲሉ ምን ማለትዎ ነው?» አለቻት።

አምስት ቃል ብቻ ናት። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ቆጠርኳት።